ምርመራው ከስልክ፣ ቀጠሮው ከእኔ

ሰው ወደ ምክር ክፍሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። ቀድሞ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል»፣ «ደረቴን ይጫነኛል»፣ «ልቤ ይመታል፣ ሐኪሙ ግን ልብህ ደህና ነው አለኝ» ነበር የሚባለው። ዛሬ ወጣቱ ታካሚ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ኤዲኤችዲ አለብኝ»፣ «ባይፖላር ነኝ»፣ «ባለቤቴ ናርሲስት ነው» ይለኛል። (ኤዲኤችዲ ትኩረት የሚነሳና የሚያቅበጠብጥ፣ ባይፖላር ስሜትን ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚያላጋ ሕመም ነው፤ ናርሲስት ራሱን ብቻ ያመልካል ለሚባል ሰው የሚሰጥ ስም ነው።) ምርመራው ቲክቶክ ላይ አልቋል። ከእኔ የሚፈለገው ማኅተም ነው።

በዚህ ጉዳይ ባልደረቦቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ስልክን የዘመኑ መቅሠፍት አድርጎ ይራገማል፤ ሌላው «ግንዛቤ አደገ» እያለ ያጨበጭባል። ሁለቱንም ሳዳምጥ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ታካሚው ስልኩ ላይ ምን እንዳየ፣ በስንት ሰዓት እንዳየ፣ ካየ በኋላ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም። እኔ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ስሙ ራሱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። አንዳንዴ ትክክል ነው፣ አንዳንዴ ስህተት። ጣጣው ስልኩ ስሙን ከሰጠ በኋላ አለማቆሙ ነው። እኛ ለአንድ ሰው ችግር ስም ስንሰጥ ተከትሎ የሚመጣ ነገር አለ፤ ሕክምና፣ ቀጠሮ፣ የሚሞከርና የሚተው ነገር። ስልኩ የሚያስከትለው ስለዚያው ስም ሌላ ቪዲዮ ነው፤ ከዚያም ሌላ።

ከመቀጠሌ በፊት፦ እዚህ የምጽፍላችሁ ሰዎች በአካል የሉም። የብዙ ሰው ታሪክ አንድ ላይ ያዋሃድኩባቸው ናቸው፤ ሥራቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ሠፈራቸውን ቀይሬአለሁ። ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት። ሳቢያን ላይ ያስነጠሰ መጋላ ላይ «ይማርህ» ይባላል።

ስልክን ከመርገም በፊት ከስልክ በፊት የነበረውን ማስታወስ ደግ ነው። በዚህ አካባቢ አእምሮው የታወከ ሰው ወደ እኔ ዓይነቱ ባለሙያ የሚደርሰው ብዙ በር ካንኳኳ በኋላ ነበር። ክርስቲያኑ ጠበል ይጠመቃል፣ ለቁሉቢ ገብርኤል ተስሎ ታኅሣሥ 19ን ወይም ሐምሌ 19ን ይጠብቃል። ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል፣ ሐረር ጁገል ውስጥ ካሉት የአውልያ ቦታዎች ወደ አንዱ ይሄዳል። እነዚህ በሮች ዛሬም ክፍት ናቸው፤ እኔም ይዘጉ አልልም፤ ብዙ ሰው ማንም ሳያዳምጠው በፊት የተደመጠው እዚያ ነው። የዘመናዊው ሕክምና በር ግን ሩቅ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ እሱም አዲስ አበባ ነው፣ ከእኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። «አማኑኤል ታክሞ ነበር» የሚል ወሬ ደግሞ የታጨ ትዳር ያፈርስ ነበር። ዛሬ ሐረር ሕይወት ፋና፣ እዚህም ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እፍረቱ ግን ክፍል በመከፈቱ ብቻ አይለቅም።

ስለዚህ አንዲት ወጣት ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ስልኳን ከፍታ፣ ሌላ ሰው ስለ ድብርት በአማርኛ ሲናገር ሰምታ፣ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ብትል ይህንን ማንም ባለሙያ ሊንቀው አይገባም። እፍረትን በዚያ ፍጥነት የሚያቃልል ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም። እኛ በአውደ ጥናትና በባነር ስንት ደክመን ያላመጣናቸውን ሰዎች ስልኩ እስከ በራችን አድርሷቸዋል።

አሁን እዚሁ ከተማ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስልክ ወደሚጠግነው ወጣት ልሂድ።

«ዶክተር፣ ኤዲኤችዲ አለብኝ» አለ። (ዶክተር አይደለሁም። በዚህ ከተማ ግን ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ምልክቶቹን ደረደረልኝ። ጀምሮ አይጨርስም፤ ቀጠሮ ይረሳል፤ የሰው ስልክ ፈትቶ ብሎኑን የት እንዳስቀመጠ ይጠፋበታል፤ ሌሊት ሐሳቡ አይቆምለትም፤ ጠዋት ደግሞ ሰውነቱ አይታዘዘውም። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ የዘረዘረችውን አንድ በአንድ በራሱ ላይ አግኝቶታል።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለህ መምህራንህ ምን ይሉህ ነበር?»

«እኔን? ደረጃ ነበር የምወጣው!»

«የጫቱ በርጫስ ስንት ሰዓት ይጀምራል?»

ሳቀ። «አቦ ዶክተር፣ እሱን ደግሞ ከየት አመጡት!»

ኤዲኤችዲ በልጅነት የሚጀምር ችግር ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር መመሪያ ከምልክቶቹ በርካታዎቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንዳለባቸው፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በሥራም፣ ሊኖሩ እንደሚገባ፣ ሌላ ነገር ደግሞ በተሻለ የሚያስረዳቸው መሆን እንደሌለበት ይናገራል። ይህ «ሌላ ነገር» የሚለው ሐረግ ሌላ ሀገር ላይ ብዙ ቦታ አይወስድ ይሆናል። የጫት ገበያዋ አወዳይ አጠገባችን ባለችበት በእኛ አካባቢ ግን የምርመራውን ግማሽ ይወስዳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው መኪኖቹ እንደዚያ ነፍሳቸውን ስተው የሚበሩት። ከሰዓት በኋላ ምርቃናው ሲመጣ ሰው ፎቅ ይሠራል፣ ኩባንያ ይከፍታል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ በማግሥቱ ጭፍግግ ያለ ስሜት፣ የተበተነ ሐሳብ፣ ሲቆምም ሐራራና ሌሊት የሚያስበረግገው ዱካክ አለ። ይህን ዑደት ጫት የማይታወቅበት ሀገር ላይ በተሠራ ቪዲዮ ለሚመዝን ወጣት ኤዲኤችዲም፣ ባይፖላርም፣ ድብርትም ሁሉም ይገጥሙታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የካናዳ ተመራማሪዎች ቲክቶክ ላይ ስለ ኤዲኤችዲ ከተሠሩት እጅግ ተወዳጅ የነበሩ 100 ቪዲዮዎችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት አለ። ከመቶው 52ቱ አሳሳች ነበሩ፤ 27ቱ የግል ገጠመኝ፤ ጠቃሚ የተባሉት 21 ብቻ። እያንዳንዱ ቪዲዮ በአማካይ 2.8 ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። ቁጥሩን ለወጣቱ ስነግረው ብዙም አልደነቀውም። «የኔዋ ከ21ዱ ብትሆንስ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደግሞም ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው በሚያነቃቃ ነገር ራሱን ለማረጋጋት መሞከሩ የታወቀ ነው። ያን ለመለየት መንገዱ አንድ ነው፤ ጫቱን ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ፣ እናቱን ስለ ልጅነቱ ጠይቆ፣ የቀረውን ማየት።

ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ። ኤዲኤችዲው ከእሱ ምንም አልጠየቀውም ነበር። እኔ የጠየቅኩት ግን ከሰዓት በኋላውን፣ ጓደኞቹን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገበትን የፍራሽ ጨዋታ ነው። ቀጠሮውን ቀረ። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሥራችን የተጀመረው ያኔ ነው።

ስለ መድኃኒት ብዙ አልልም፤ አንዱን ብቻ። የድብርት መድኃኒት ሲጀመር የጎንዮሽ ጉዳቱ ይቀድማል፤ ጥቅሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። በዚያ ክፍተት ውስጥ «ይህ መድኃኒት ሕይወቴን አበላሸው» የሚል ቪዲዮ ያየ ሰው በአምስተኛው ቀን ያቆማል። ሐኪሙ ክፍተቱ እንዳለ አስቀድሞ ካልነገረው ደግሞ ጥፋቱ የቪዲዮው ብቻ አይደለም።

ከስሞቹ ሁሉ የሚያሳስበኝ «ናርሲስት» ነው፤ ምክንያቱም የሚለጠፈው ክፍሉ ውስጥ በሌለ ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት አንድ መጽሔት ስለ ዕጩው ባሪ ጎልድዎተር የአእምሮ ሐኪሞችን ጠይቆ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ሰውየውን በአካል ሳያዩት ለሥልጣን አይበቃም ብለው ፈረዱበት። ጎልድዎተር መጽሔቱን ከስሶ ረታ። የሀገሪቱ ሳይካትሪ ማኅበርም በ1973 አባላቱ ራሳቸው ባልመረመሩት ሰው ላይ ሙያዊ ፍርድ እንዳይሰጡ የሚከለክል ደንብ አወጣ። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ደንብ ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ገንደ ቆሬም ሆነ ከዚራ ሁለተኛ አይጠራም።

እዚህ ድረስ ማንኛውም መምህር የሚናገረው ነው። ሥራው ያስተማረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት ወይዘሮ የባሏን ጠባይ ሰዓት ሙሉ በቪዲዮ ቋንቋ አስረዳችኝ። ይቆጣጠረኛል፤ ጥፋቱን ወደ እኔ ያዞራል፤ ፍቅር ያዘንብና መልሶ ይነፍገኛል። አነጋገሯ የተደራጀ ነው፤ ሥልጠና የወሰደች ትመስላለች። ለመውጣት ስትነሳ ነጠላዋን ስታስተካክል ክንዷ ላይ የበለዘ ቦታ አየሁ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እሱማ የናርሲስት ንዴት ነው።»

«መታሽ?»

ዝም አለች። ቀጥላ «አዎ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ።

እናቷ ብትሆን ኖሮ «ባሌ ይደበድበኛል» ትላለች፤ ነገሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ይወጣ ነበር። ልጇ ግን ቡጢውን ከጠባይ ዝርዝር ውስጥ አንድ ምልክት አድርጋ አስቀምጣዋለች፤ ከምቀኝነትና ከኩራት ቀጥሎ። ስለዚህ ለወራት ስትከታተል የቆየችው ናርሲስት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ይለወጥ እንደሆነ፣ ልጅነቱ እንዴት እንደጎዳው ነው። ድብደባ የጠባይ ጥናት አይፈልግም። ወንጀል ነው፤ በሩ ፖሊስ ነው፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ነው፣ ሆስፒታል ነው። የዚያን ቀን ሥራችን ስለ ባልየው አእምሮ መወያየት አልነበረም፤ ማታ የት እንደምታድር፣ መታወቂያዋና የልጆቿ የልደት ወረቀት የት እንዳለ፣ ማንን ማመን እንደምትችል መነጋገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ስም በተጠራ ቁጥር ቀድሜ የምጠይቀው «ባለፈው ጊዜ ሲቆጣ እጁ ምን አደረገ?» ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ስልኩ በትክክል የመረመራትን ልጅ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩን የሚያወሳስበው እሷ ናት።

የሐረር ልጅ ናት፤ ተማሪ። ውዱእ ስታደርግ (ለሶላት ስትታጠብ) አንዱን እግሯን በትክክል አጥባ እንደሆነ ይጠራጥራታል፤ ትደግማለች። ሶላት ገብታ ኒያዋ (በልቧ የያዘችው ሐሳብ) ትክክል እንዳልነበረ ይሰማታል፤ ታቋርጥና ትጀምራለች። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ የቤቱን በርሜል ስለምትጨርስ ከቤተሰቡ ጋር ትጣላለች። ቤተሰቡ ወስዋስ (የማያባራ ጥርጣሬ) መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ሼህም በመልካም ምክር «ጥርጣሬውን አትስሚው፤ አንድ ጊዜ ካጠብሽ በቃሽ፤ አትድገሚ» ብለዋታል። እሷ ግን አልቻለችም፤ አለመቻሏም ሌላ ኃጢአት ሆኖ ታያት። ከዚያ አንድ ሌሊት የእሷን ዕድሜ የሆነች ሂጃብ የለበሰች ልጅ፣ ከሌላ ሀገር፣ ይህንኑ ስትናገር አየች። ኦሲዲ የሚባል ሕመም መሆኑን፣ እንደሚታከም ሰማች። እስኪነጋ አለቀሰች። በሳምንቱ አውቶቡስ ይዛ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዳ መጣች።

ምርመራው ትክክል ነበር። ቪዲዮው ባይኖር ይህች ልጅ ስንት ዓመት ትዘገይ እንደነበር እንጃ። የዚህ ሕመም ዋነኛ የሥነ ልቦና ሕክምና ሥሩ ቪክቶር ማየር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ባሳተመው ሥራ ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ታካሚው ከሚያስፈራው ነገር ጋር ይገናኛል፣ የሚያረጋጋውን ድግግሞሽ ግን አያደርግም፤ ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ይተወዋል። ሼሁ ያሏትም ይህንኑ ነው። ማየር የጨመረው ደረጃ በደረጃ መለማመድን፣ አጠገብ ሆኖ ማገዝን ነው። ይህን ስነግራት ፈገግ አለች፤ ሼሁ ሕክምና እንደሚያውቁ ሲሰማ ቤተሰቧም ደስ አለው። ሥራው ጥሩ ጀመረ። ውዱኡ አጠረ፤ እጇ ዳነ።

ከዚያ ቆመ። ለምን እንደቆመ ሳይገባኝ ሰነበተ፤ ስለ ሌሊቷ እስክጠይቃት ድረስ። ቀን ቀን ድግግሞሹን ትከለክላለች፤ ማታ ማታ ግን ስልኩን ትከፍታለች። «ይህ ሐሳብ የመጣብኝ ኦሲዲ ስለሆነ ነው ወይስ በእውነት ኢማኔ ደክሞ ነው?» ትልና ቪዲዮ ትፈልጋለች። ቪዲዮው «ኦሲዲ ነው» ይላታል፤ ለሩብ ሰዓት ትረጋጋለች። ከዚያ «የእኔ ግን እንደሷ ባይሆንስ?» ይመጣል፤ ሌላ ቪዲዮ። ስልኩ ሁለተኛ ቧንቧ ሆኖባታል። የቲክቶክ አሠራር ደግሞ ሰው ምን ላይ እንደቆየ፣ ምን ደግሞ እንዳየ እየቆጠረ ያንኑ የሚያበዛ ነው። ማረጋገጫ መፈለግ የዚህ ሕመም ዋና ምግብ መሆኑን ማሽኑ አያውቅም፤ ልጅቷ ዓይኗን እንዳላነሳች ብቻ ያውቃል።

«ስልኩንም እንደ ውሃው እናድርገው» አልኳት፤ ጥርጣሬ ሲመጣባት ቪዲዮ እንዳትከፍት፣ ጥርጣሬውን ሳትመልሰው አብራው እንድትቀመጥ።

ተቆጣች። «ወደ እርስዎ ያመጣኝን ነገር ነው የሚከለክሉኝ?»

በቁጣዋ ውስጥ ፍርድ አለ። እኛ ያላደረግንላትን ያ ቪዲዮ አድርጎላታል፤ እንደ ባለውለታ ታየዋለች። አሁን እኔ መጥቼ ባለውለታሽ በሽታሽን እየቀለበ ነው ስላት መራራ ነው። ብዙ ቆይተን የተስማማነው ስልኩን በመጣል ላይ አልነበረም። ጥርጣሬ ባልያዛት ሰዓት የፈለገችውን ታያለች፤ ጥርጣሬ በያዛት ሰዓት አታይም። ከውዱኡ ይልቅ ይህ ከብዷታል። አሁንም እየሠራንበት ነው።

በጀርመን ሀኖቨር የሚሠሩ የቱሬት (ሰውን ሳይፈልግ የሚያወራጭና ድምፅ የሚያስወጣ) ሕመም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከ2019 ጀምሮ ድንገተኛ መወራጨትና የቃላት መፈናጠር የያዛቸው ወጣቶች ወደ ክሊኒካቸው መምጣት ጀመሩ። ቱሬት ብዙውን ጊዜ በልጅነት ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ እነዚህ ግን ድንገት ነው የጀመራቸው። የሚያወጧቸው ቃላትም አንድ ናቸው፤ የቱሬት ሕመሙን ዩቲዩብ ላይ ያሳይ የነበረ ታዋቂ ጀርመናዊ ወጣት ከሚላቸው ጋር እስከ «የሚበርሩ ሻርኮች» ድረስ ይገጥማሉ። አንዳንዶቹ ቱሬት እንዳልሆነ በግልጽ ሲነገራቸው ለቀቃቸው።

ይህን ሲሰማ «እያስመሰሉ ነዋ!» የሚል ሰው አለ። የዛርን ነገር የሚያውቅ የእኛ አካባቢ ሰው ግን እንዲህ ቶሎ አይፈርድም። በአያቶቻችን ዘመን የተጨነቀች ሴት ዛር ይይዛታል፤ ዛሩ ስም አለው፣ የሚወደው ሽቶና ልብስ አለ፣ አነጋገሩና አወጣጡ የታወቀ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ከጎረቤት አይታ ነው የምታውቀው። ጭንቀቷ ግን እውነት ነበር። ከአካባቢዋ ያገኘችው የጭንቀቷን አወጣጥ ነው። የዛሬው ልዩነት ጎረቤቱ መስፋቱ ነው፤ አንዲት የሳቢያን ልጅ ከበርሊን ልጅ ጋር አንድ ግቢ ትውላለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ሉሲ ፎልክስና ጃክ አንድሩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ አእምሮ ሕመም የሚደረገው ቅስቀሳ ራሱ፣ ተራ ጭንቀትን እንደ ሕመም እንድናይ በማድረግ፣ ሕመሙ በእርግጥ እንዲበዛ አስተዋጽኦ ያደርግ ይሆናል የሚል መላምት አቅርበዋል። መላምት ነው፤ አልተረጋገጠም። እኔ ግን ፈተና በደረሰ ቁጥር «አንዛይቲ አለብኝ» የሚሉኝን ተማሪዎች ሳይ ትዝ ይለኛል። ፈተና ያስፈራል፤ ሊያስፈራም ይገባል።

ስለ ታካሚዎች ይህን ያህል ካልኩ ስለ እኛም ልበል። በኮሪደር ላይ «ሌላ ቲክቶክ መጣ» የሚል ቀልድ ሰምቻለሁ። ቪዲዮዎቹ ባለሙያው ላይ ካደረሱት ጉዳት ሁሉ ይህን ንቀት የሚያህል የለም። የተሳሳተ ስም ይዛ የመጣች ልጅ ሕመሟ የተሳሳተ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች «ባይፖላር አይደለሽም» እያልኩ ከተከራከርኳት ሁለተኛውን ነገር አትነግረኝም፤ ሁለተኛው ነገር ደግሞ አንዳንዴ መሞት እንደምትፈልግ ነው። ስለዚህ ስሙን ትቼ በግልጽ እጠይቃለሁ፤ ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ላይ እንደማይዘራ በጥናት ታይቷል፣ ጠይቄም አይቼዋለሁ። በባይፖላሩ በኋላ እንከራከራለን፤ ጊዜ አለን።

ቪዲዮ የሚሠሩት ባለሙያዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹን አደንቃለሁ። ካሜራ ግን እርግጠኛ ሰው ይወዳል። የእኛ ሥራ እውነተኛ መልሶች አብዛኞቹ «ይወሰናል» ብለው የሚጀምሩ ናቸው፤ «ይወሰናል» የሚል ቪዲዮ ደግሞ ማን ያያል? ከዚያ የባሰው «ዛሬ አንዲት ታካሚ እንዲህ አለችኝ» ብሎ መጀመር ነው። ስም ባይጠራም አዲስ አበባ ላይ ምናልባት ያልፍ ይሆናል። እዚህ ግን አምስት ሴቶች እኔ ነኝ ብለው ያድራሉ፤ ስድስተኛዋ ልትመጣ አስባ ትቀራለች።

አንድ የወደድኩት ለውጥ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ግፍ ነው። ድሮ ታካሚ አንገቱን ደፍቶ ያልኩትን ይቀበላል። ዛሬ «በምን ዓይነት ዘዴ ነው የሚሠሩት? ለምን?» ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ያስቆጣኝ ነበር። አሁን ጥያቄውን ተዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ፤ መልስ የሌለኝ ቀን ደግሞ ማታ መጽሐፍ እከፍታለሁ።

በመግቢያ ቅጻችን ላይ አንድ ጥያቄ አስጨምሬአለሁ፦ «ስለ ችግርዎ ያዩት ወይም ያነበቡት ነገር ካለ የት ነው?» የመዝገብ ሠራተኛችን ይህ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው ብላ ነበር። ቪዲዮ ብለው ለሚጽፉ ሰዎች አብረን እንክፈተው እላለሁ። ድምፁን ከፍ አድርገን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን። «የቱ ጋ ስትደርሺ ነው እኔ ነኝ ያልሽው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያቆሙት ከምልክቶቹ ዝርዝር ላይ አይደለም። ተናጋሪዋ ስለ አባቷ አንድ ነገር ስትል ነው፣ ወይም ድምጿ ሲሰበር፣ ወይም «ማንም አላመነኝም» ስትል። ከዚያች ሰከንድ እንጀምራለን፤ የሕመሙ ስም ለሌላ ቀን ይቆየናል።

በቅርቡ በዚያ ቅጽ ላይ አንድ ሰው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ከልጄ ስልክ» ብለው ጻፉ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ። እንዲህ ያሉ ሰው በራሳቸው እግር ወደ እኔ ሲመጡ ማየት ብርቅ ነው። ልጃቸው ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ሲወጣ አንድ ቪዲዮ ክፍት ነበር፤ አንድ ሰው ስለ ጡረታና ስለ ድብርት ያወራል። «ሰውየው እኔን ነው የሚያወራው» አሉኝ። ድብርትን የሚለኩትን፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ላይ የሚያተኩሩትን ዘጠኝ ጥያቄዎች አብረን ሞላን፤ ከ27 ውስጥ 17 ወጣ፤ ጠለቅ ያለው ጭውውትም ድብርት መሆኑን አረጋገጠልኝ። ስልኩ በትክክል መርምሯቸዋል።

ከመሄዳቸው በፊት ውለታ ጠየቁኝ። «ያንን ነገር በእኔም ስልክ ላይ ይጫኑልኝ፤ ልጁ የራሱን መደበቅ ጀምሯል» አሉና ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ባለ ቁልፍ ኖኪያ ነው። ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል፤ ልጃቸውንም ይዘው ይመጣሉ።